«ሰሞኑን የት ሄደህ ነበር?» ከዋሻ ጉዞ በኋላ ስለሚመጣ ትኩሳት



ኅዳር 14 ቀን አፋር ውስጥ ያለው ሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ የመንን አልፎ ህንድ ድረስ ከሄደ ወዲህ ኢንቦክሴ በአንድ ዓይነት ጥያቄ ተሞልቷል። «ዶክተር፣ ኤርታሌ ልንሄድ ነው፣ ምን መድኃኒት እንያዝ?» «ፈንታሌ አካባቢ ማደር አስም ላለበት ሰው ችግር አለው?» «ዋሻ ውስጥ ኦክስጅን ያንሳል ይባላል፣ እውነት ነው?» ጥያቄዎቹ ጥሩ ናቸው፤ ለሁሉም በየተራ እመልሳለሁ። ግን እስካሁን አንድም ሰው «ከተመለስን በኋላ ቢያመንስ?» ብሎ አልጠየቀኝም። እውነቱን ለመናገር እኔም አምና ነሐሴ የደረሰብንን ባላይ ኖሮ ትዝ አይለኝም ነበር። ስለዚህ ዛሬ እሱን ልንገራችሁ። የታመመው ጓደኛችን «ጻፊው፣ ስሜን ብቻ እንዳታነሺ» ብሎ ፈቅዶልኛል።

11 ነበርን። አብዛኞቻችን እዚህ አዲስ አበባ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ አብረን የምንወጣ ሰዎች ነን፤ ሁለቱ ናይሮቢ የሚኖሩ አበሾች ናቸው። እዚህ ዝናቡና ጭቃው ሲመርረን «ለምን ኬንያ ሄደን ሱስዋን አናይም?» ተባለና ተነሳን።

ሱስዋ ከናይሮቢ በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ ወደ ናሮክ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ያለ እሳተ ገሞራ ነው። የኛን ፈንታሌንና ኤርታሌን የፈጠረው ስምጥ ሸለቆ ወደ ደቡብ ወርዶ ኬንያ ውስጥ ሎንጎኖትንና ሱስዋን ፈጥሯል፤ ዘመዳሞች ናቸው ማለት ነው። ከፍታው 2,356 ሜትር ነው። አናቱ ላይ ሰፊ ጎድጓዳ አለ፤ በዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ደግሞ ሌላ ክብ ገደል፣ በገደሉ መሃል ደሴት የመሰለ የድንጋይ ጉብታ። ከጠርዙ ላይ ቆማችሁ ስታዩት ዝም ያሰኛል። አካባቢው የማሳዮች ነው፤ ወንዝም ምንጭም የለም። ታዲያ ምን ያደርጋሉ? ከመሬት ስንጥቅ የሚወጣውን እንፋሎት በቱቦ ይቀበሉና ሲቀዘቅዝ ጠብ ጠብ የሚለውን ውሃ በበርሜል ያጠራቅማሉ። እኔ ከጉዞው ሁሉ በጣም የገረመኝ እሱ ነው።

ዋሻዎቹ ያሉት ከተራራው ምሥራቃዊ ጎን ነው። የላቫ ዋሻ እንደ ሶፍ ዑመር አይደለም። ሶፍ ዑመርን የወይብ ወንዝ በኖራ ድንጋይ ውስጥ በረጅም ዘመን ቦርቡሮ ነው የሠራው። የላቫ ዋሻ ግን የሚሠራው በአንድ ፍንዳታ ጊዜ ነው። ገንፎ አስቡ። ላዩ ቶሎ ይደርቃል፣ «በረደ» ብላችሁ ስትጎርሱ ውስጡ ምላስ ያቃጥላል። የቀለጠው ድንጋይም ሲፈስ ላዩ አየር አግኝቶ ይጠጥራል፣ ውስጡ ግን መፍሰሱን ይቀጥላል። ከላይ የሚመጣው ሲያቆም የውስጡ ፈሳሽ ተንጠፍጥፎ ይወጣና ባዶ ቧንቧ ይቀራል። ሰው ቆሞ የሚሄድበት ቧንቧ። ቆይቶ ጣሪያው እዚህም እዚያም ይደረመሳል፣ መግቢያው ያ ነው።

አንደኛው ሰፊ ክፍል «የዝንጀሮዎች ፓርላማ» ይባላል። ዝንጀሮዎቹ ማታ ማታ ነብር ፈርተው እዚያ ይሰበሰባሉ፤ በየድንጋዩ ላይ የሚቀመጡበት ቦታ ከመለሳለሱ የተነሳ ያበራል። (ቀን ስለሄድን ስብሰባው ላይ አልደረስንም።) ከዚያ አልፎ ጨለማው ሲጠናከር ደግሞ የሌሊት ወፎች ናቸው። በመቶ የሚቆጠሩ። ሽታው ዓይን ያስለቅሳል። ወለሉ ድንጋይ ይመስላችኋል፤ ስትረግጡት ግን እንደ በሶ ዱቄት ይቦናል። ለዘመናት የተጠራቀመ የሌሊት ወፍ ኩስ ነው፤ ደግሞ የሄድንበት ወር ደረቅ ወቅት ነበር።

አስጎብኚያችን አንድ ጠባብ ቀዳዳ አሳየንና «ከዚህ ወዲያ በሆድ መሳብ ነው» አለ። ሰባቱ «እኛ እዚሁ እንጠብቃችኋለን» አሉ። አራታችን ገባን። ጓደኛችን ከፊት፣ እኔ ከኋላው። እግሩ የሚያስነሳው አቧራ በሙሉ ፊቴ ላይ ነው። ማስክ? ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ቦርሳዬ መኪናው ውስጥ ነበር። ዶክተር ነኝ እላችኋለሁ እንግዲህ።

ከተመለስን በ12ኛው ቀን ጓደኛችን ደወለ። ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ደረቅ ሳል፣ «ደረቴን የሆነ ነገር ይዞኛል» አለኝ። እኔ ምን አልኩት? «ነሐሴ ነው፣ ጉንፋን ነው፣ ፈሳሽ ጠጣ፣ ፓራሲታሞል ውሰድ።» አብሬው በሆዴ ስሳብ የነበርኩት ሰው፣ የት እንደነበርን አንድም ጊዜ አላሰብኩም።

በሁለተኛው ቀን ሰፈሩ ያለ ክሊኒክ ሄደ። ደም ተመረመረና ሁላችሁም የምታውቁት ውጤት መጣ፦ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ»። ሲፕሮ ተሰጠው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ዋይዳል የሚባለው የታይፎይድ ምርመራ የሚያየው ተህዋሲውን ሳይሆን ሰውነታችን የሠራውን መከላከያ ነው። ያ መከላከያ ከዓመታት በፊት ከነበረ ሕመም የቀረ ሊሆን ይችላል፤ ሌላ በሽታም ሊያስነሳው ይችላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ተመርምሮ «ፖዘቲቭ» ማለት ብቻውን ታይፎይድ ነው ማለት አይደለም። በዚህች ወረቀት ምክንያት ስንት ሌላ በሽታ እንደሚዘገይ ሥራ ላይ በየቀኑ አያለሁ፤ ይህንን ሌላ ቀን ሰፋ አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ሲፕሮውን አምስት ቀን ወሰደ። ለውጥ የለም። ማታ ማታ ላብ፣ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ማጠር። ራጅ ተነሳ፤ ሁለቱም ሳንባዎች ላይ የተበታተኑ ነጠብጣቦች ታዩ። «ቲቢ ሊሆን ይችላል» ተባለ። አክታው በጂን ኤክስፐርት ሲመረመር ነጻ ሆነ፤ ግን «ምልክቱና ራጁ ስለሚመስል መድኃኒቱን እንጀምርልህ ይሆናል» አሉት። በዚህ ሁሉ መሃል አንድም ባለሙያ «ሰሞኑን የት ሄደህ ነበር?» ብሎ አልጠየቀውም። እሱም አልተናገረም። ለምን ይናገራል? ሳልና ዋሻ ምን ያገናኛቸዋል?

ያነቃን የቴሌግራም ግሩፓችን ነው። አንዷ ልጅ የጉዞውን ፎቶ ለቀቀችና «እኔ ግን ይሄ ሳል አልለቅ አለኝ» ብላ ጻፈች። ናይሮቢ ያለው ልጅ ደግሞ «እኔም ሳምንት ተኝቼ ተነሳሁ» አለ። ፎቶውን አየሁት። አራታችን ከቀዳዳው ወጥተን፣ ከእግር እስከ ራስ አመድ መስለን፣ እየሳቅን። ሳል የያዛቸው ሦስቱም ፎቶው ላይ ያሉት ናቸው። አራተኛዋ እኔ ነኝ፤ ለካ እኔም በዚያው ሰሞን ሁለት ቀን ራሴን አሞኝ ጉልበት አጥቼ ነበር፣ «ተረኛ ስላደርኩ ነው» ብዬ ትቼው። ውጭ ከቀሩት ሰባት ሰዎች ያስነጠሰ እንኳን የለም።

መጀመሪያ አእምሮዬ የሄደው ወደ ፈንገስ አልነበረም። ወደ ማርበርግ ነበር።

የማርበርግ ቫይረስ ከተገኘባቸው የሌሊት ወፎች ዋናው ዋሻና የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ በብዛት የሚኖር ፍራፍሬ በሊታ ዓይነት ነው። ኬንያ ውስጥ ኤልጎን ተራራ ላይ ያለውን የኪቱም ዋሻ ከጎበኙ ሰዎች መካከል በ1980 እና በ1987 (በፈረንጆች አቆጣጠር) በማርበርግ ተይዘው የሞቱ ነበሩ። በ2008 ደግሞ ኡጋንዳ ውስጥ የፓይተን ዋሻ የሚባለውን የጎበኘች አንዲት ሆላንዳዊት አገሯ ከተመለሰች በኋላ ታምማ ሞታለች። የሱስዋዎቹ የሌሊት ወፎች ነፍሳት የሚበሉ ናቸው ብሎን ነበር አስጎብኚው፤ ግን በጨለማ ውስጥ ከጣሪያ የተንጠለጠለ ነገር ምን እንደሚበላ እኔ በምን አውቃለሁ? የማርበርግ ምልክት ከተጋለጡ ከ2 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ይጀምራል። የጓደኛችን ትኩሳት የጀመረው በ12ኛው ቀን ነው። እና ይህ ሰው የክሊኒክ ወረፋ ላይ ሁለት ሰዓት ተቀምጦ ሲያስል ነበር። እናቱ ጎን ተኝቶ ነበር።

ለአለቃዬ ደወልኩ፣ አለቃዬ ለሚመለከታቸው ደወለ። ልጁ ለብቻው ክፍል ተደረገ፣ ናሙና ተወሰደ፣ ቤተሰቡ ቤት እንዲቆይ ተነገረው። ትልቁ ሐኪም ረጋ ብሎ «ስምንት ቀን ታሞ ትውከትና መድማት የለውም፣ ያስታመሙትም ደህና ናቸው፤ አይመስለኝም። ግን አይመስለኝም ብለን አንተወውም» አለኝ። ውጤቱ እስኪመጣ የነበረው ጊዜ በሕይወቴ ረጅሙ ነው። የእናቱን ስልክ ማንሳት ያስፈራኝ ነበር። ነጻ ሆነ። ተመስገን።

ታዲያ ምን ነበር? ሂስቶፕላዝሞሲስ። ስሙ ረጅም ነው፣ ነገሩ ግን ቀላል ነው። ሂስቶፕላዝማ የሚባል ፈንገስ የወፍና የሌሊት ወፍ ኩስ በበዛበት አፈር ላይ ይበቅላል። አቧራው ሲቦን የፈንገሱ ጥቃቅን ዘሮች አየር ላይ ይንሳፈፋሉ፤ ስንተነፍስ ሳንባ ይገባሉ። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 17 ቀን ባለው ውስጥ ይመጣል፦ ትኩሳት፣ ደረቅ ሳል፣ ራስ ምታት፣ የደረት ሕመም፣ ድካም። ብዙ ሰው ጭራሽ ምልክት አያሳይም፣ ወይም እንደኔ ሁለት ቀን ደክሞት ያልፋል። ብዙ አቧራ የሳበ ግን ሊጠናበት ይችላል። ከፊት የነበረው ጓደኛችን እጁን እያወራጨ አቧራውን ያስነሳው እሱ ነው፤ ድርሻውም እንደዚያው በዛ።

ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እናቱ ሰግታ ነበር፤ ሳሉ ወደ እሷ አይሄድም።

ጤነኛ ሰው ላይ መለስተኛው ዓይነት ያለ መድኃኒት በሳምንታት ውስጥ ይድናል። ከአንድ ወር በላይ ከቆየ ወይም ከጠና ግን ኢትራኮናዞል የሚባል የፈንገስ መድኃኒት ለሳምንታት ይሰጣል። እባካችሁ ይህን አንብባችሁ ፋርማሲ ሄዳችሁ እንዳትገዙት፤ ከብዙ መድኃኒት ጋር ይጋጫል፣ ልባቸው ለደከመ ሰዎችም አደገኛ ነው። ጓደኛችን ሳንባ ስፔሻሊስት አይቶት፣ ደሙ ወደ ውጭ ተልኮ፣ ውጤቱ ሲመጣ እሱ ራሱ እየተሻለው ነበር። መድኃኒት አላስፈለገውም። የቲቢውም መድኃኒት አልተጀመረም።

ቲቢን ካነሳሁ አይቀር፦ እዚህ አገር ሳል፣ የማታ ላብና የሳንባ ነጠብጣብ ያለው ሰው ቲቢ የመሆን ዕድሉ ከሂስቶፕላዝማ በብዙ ይበልጣል። ስለዚህ የቲቢ መድኃኒት ላይ ያላችሁ ሰዎች «የኔም ፈንገስ ይሆናል» ብላችሁ እንዳታቋርጡ። የምለው ሌላ ነው፤ ዋሻ ገብታችሁ ከነበረ ለሐኪማችሁ ንገሩት። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም፣ ቢቸኩልም፣ ውጭ 40 ሰው ቢጠብቅም «ዶክተር፣ ከ12 ቀን በፊት የሌሊት ወፍ ያለበት ዋሻ ገብቼ ነበር» በሉ። ቀኑን ጭምር። ቀኑ ለኛ ግማሽ ምርመራ ነው። ወባ ከሆነ ከነከሰችን ቢያንስ ሳምንት ገደማ ይፈጃል፣ ወራት ቆይቶም ሊመጣ ይችላል፤ መተሐራ፣ አዋሽ ወይም አፋር አድሮ የመጣ ሰው ትኩሳት ከያዘው ታይፎይድ ከመባሉ በፊት ወባ ይታይለት። ዋሻ ውስጥ የሚኖር መዥገር የሚያስተላልፈው ግርሻ ትኩሳት ደግሞ ሄድ መለስ ይላል፤ እስራኤል ውስጥ «የዋሻ ትኩሳት» ነው የሚሉት፣ እዚያ ያላችሁ ተከታታዮቼ ሳትሰሙት አትቀሩም። ሁሉም መጀመሪያ ላይ ያው ትኩሳትና ራስ ምታት ናቸው። የሚለያዩት የት ነበርክ፣ መቼ ነበርክ፣ ምን ነካህ ሲባል ነው።

በነገራችን ላይ ሂስቶፕላዝማ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በየከተማው ጋሪ የሚጎትቱ ፈረሶች እግርና ደረታቸው ላይ እንደ ገመድ ተያይዞ የሚመግል ቁስል አይታችሁ ታውቃላችሁ? የዚሁ ፈንገስ የቅርብ ዘመድ ነው። የእንስሳት ሐኪሞች ከኛ ይልቅ በደንብ ያውቁታል።

ጭራሽ እንዲህ ዓይነት ዋሻ ውስጥ ባይገቡ የምመክራቸው ሰዎች አሉ። ኤችአይቪ ኖሮባቸው የመከላከል አቅማቸው ዝቅ ያለ፣ ለረጅም ጊዜ ፕሬድኒሶሎን የሚወስዱ፣ የካንሰር መድኃኒት ላይ ያሉ፣ ኩላሊት የተቀየረላቸው። እነሱ ላይ ፈንገሱ ከሳንባ አልፎ መላ ሰውነት ይሰራጫል፤ ካልታከመ ይገድላል። ከላይ ሆነው ገደሉን ቢያዩ ውበቱ አይጎድልባቸውም።

ለምትገቡት፣ መጀመሪያ ማስክ። የኮሮና ጊዜ የተረፈችው ሰማያዊዋ አትበቃም፣ በጎን አየር ታስገባለች። ኤን 95 የሚባለው፣ ፊት ላይ ልክክ የሚል መሆን አለበት። ጺም ካላችሁ በደንብ አይገጥምም፤ ምርጫው የናንተ ነው። በሆድ የሚያስስብ አቧራማ ቀዳዳ ካጋጠማችሁ ተመለሱ። ስትወጡ ልብሳችሁን መኪና ውስጥ አታራግፉ፤ እኛ አራግፈናል። የሌሊት ወፍ በእጅ አይነካም፣ የሞተም ቢሆን። የሌሊት ወፍ ወይም ዝንጀሮ ከነከሳችሁ ወይም ከቧጨራችሁ፣ ትንሽ ጭረት ብትሆንም፣ ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና እጠቡና በዚያው ቀን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ፈልጉ። ያ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም።

የላቫ ድንጋይ ጠርሙስ ነው። ከኛ ውስጥ አንዱ በሸበጥ መጥቶ ተረከዙ ተተለተለ፤ ቴታነስ የወሰዳችሁበትን ጊዜ አረጋግጡ።

ስለ ጋዝ ለጠየቃችሁ፦ እሳተ ገሞራ አካባቢ የሚያሰጋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ከአየር ይከብዳል፣ ስለዚህ ጎድጓዳ ቦታ ይተኛል። ዋሻ ውስጥ ወደ ታች ስትወርዱ ሳትሮጡ ትንፋሽ ካጠራችሁና ራሳችሁን ከወጋችሁ ወዲያው ወደ ላይ ውጡ። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ ደግሞ ተንኮለኛ ነው፤ ሲበዛ የማሽተት ስሜትን ያደነዝዛል። ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። አስም ያለባችሁ እንደ ኤርታሌ ያለ ጭስ የሚወጣበት ቦታ ስትሄዱ መተንፈሻችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን፣ ነፋሱ ከጀርባችሁ ይምጣ፤ ሰሞኑን ሳል ከነበረባችሁ ጉዞውን ለሌላ ጊዜ አስተላልፉት።

ከዋሻ ወይም ከማዕድን ጉድጓድ በተመለሳችሁ 21 ቀን ውስጥ ድንገተኛ ከፍተኛ ትኩሳት ከመጣ፣ በተለይ ትውከት፣ ተቅማጥ ወይም መድማት ካለው፣ ታክሲ ይዛችሁ ክሊኒክ ለክሊኒክ አትዙሩ። ከሰው ለየት ብላችሁ ተቀመጡና የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነጻ መስመር 8335 ላይ ደውሉ። አምና ነሐሴ ይህን ብነግራችሁ «ኧረ ዶክተር፣ ማርበርግ እኛ ጋ የለም» ትሉኝ ነበር። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ኅዳር 5 ቀን 2018 ጂንካ ላይ መገኘቱ ተገለጸ፤ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ። ዜናውን ያየሁት የሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ነው። ከደቂቃዎች በኋላ ከጓደኛችን መልእክት ገባ። የዚያን ቀን የተነሳነውን ፎቶ ብቻ ነው የላከው፣ ምንም አልጻፈበትም።

ለጥር ግሩፑ ሶፍ ዑመር እያለ ነው። እዚያም የሌሊት ወፍ አለ። ኤን 95 አንድ ፓኬት ገዝቻለሁ፤ በዚህኛው ጉዞ ቦርሳዬ መኪና ውስጥ አይቀርም። ጺሙን የማይላጨው ልጅ ግን እስካሁን አልተስማማም።